«ማንም የለኝም» በእንግሊዝኛ ሲነገር



ባለፈው ሳምንት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪዬን «ትናንት ማንም አልመጣም» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መልሰህ ሰሌዳው ላይ ጻፍ አልኩት። ጠመኔውን ተቀብሎ «ኖባዲ ዲድ ኖት ካም የስተርዴይ» ብሎ ጻፈ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ተሳስቷል!» አለችና በተራዋ ወጥታ «ኤኒባዲ ዲድ ኖት ካም የስተርዴይ» ብላ አረመችው። ሁለቱም ተሳስተዋል። የሚገርመው ግን ሁለቱም የተሳሳቱት አማርኛቸውን አጥርተው ስለሚያውቁ ነው።

እነዚህ ቃላት በሰዋስው ኢውሱን ተውላጠ ስሞች ይባላሉ። ተውላጠ ስም በስም ፈንታ የሚገባ ቃል መሆኑን ታውቃላችሁ፤ እሱ፣ እሷ፣ እኛ እንደሚሉት ያለ ነው። ኢውሱን የተባሉት ማንን ወይም ምንን እንደሚተኩ ለይተው ስለማይናገሩ ነው። እኛም የሆነ ሰው፣ ማንም፣ ምንም፣ ሁሉም፣ እያንዳንዱ እንላለን። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር እንዲያነቡት በማሰብ እንግሊዝኛውን በራሳችን ፊደል ጽፌዋለሁ። ልጆች ደግሞ ደብተራችሁ ላይ በላቲኑ ፊደል ገልብጡት፤ አጻጻፉን ከመዝገበ ቃላት አመሳክሩ።

ነገሩ የፈተና ነጥብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የቡለቲኑን ይህን ያህል ገጽ ባልወሰድኩበት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዩኒቨርሲቲውን ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ ናይሮቢ እንደገባሁ፣ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ማንሣት አያስፈልግም። አስተርጓሚ እፈልግ እንደሆነ ሲጠይቁኝ «አልፈልግም፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ» አልኩ። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲን ደጃፍ የረገጠ ሰው አስተርጓሚ መጠየቁ ውርደት ይመስለኝ ነበር። ጠያቂዋ ኬንያ ውስጥ ዘመድ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። በልቤ የነበረው «ማንም የለኝም» ነው። ከአፌ የወጣው ግን «አይ ዱ ኖት ሃቭ ኖባዲ» ሆነ። ብዕሯን አቆመችና «ሶ ዩ ሃቭ ሳምባዲ?» አለች፤ እንግዲያው የሆነ ሰው አለህ ማለት ነው? ማለቷ ነበር። እኔ በድንጋጤ ከቃሉ የያዝኩት መጨረሻውን ብቻ ስለሆነ፣ የተናገርኩትን ደግማ ያረጋገጠችልኝ መስሎኝ «የስ፣ የስ» አልኩ። ከወራት በኋላ ፋይሌ ላይ ኬንያ ውስጥ ዘመድ አለው ተብሎ መጻፉን አወቅሁ። የሌለኝን ዘመድ ስምና አድራሻ አምጣ ተባልኩ። እሱን ለማስተካከል የተመላለስኩበት የማታቱ ሒሳብ ብቻ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ሳይሆን አይቀርም።

ስሕተቱ ከየት መጣ? አማርኛ አሉታን የሚናገረው በግሡ ላይ ነው። «መጣ» የሚለውን ከፊቱ «አል»፣ ከኋላው «ም» ጨምረን «አልመጣም» እንለዋለን። «ማንም» የሚለው ቃል ግን በራሱ አሉታ የለበትም። ማስረጃው ይኸው፦ «ይህን ሥራ ማንም ይሠራዋል» ስንል ዓረፍተ ነገሩ አዎንታዊ ነው፤ ማንኛውም ሰው ይሠራዋል ማለታችን ነው። «ምንም»ም እንዲሁ ነው፤ «ምንም ቢሆን እሄዳለሁ» እንላለን። የማይኖረው፣ የማይመጣው በግሡ ነው እንጂ በማንም አይደለም።

«ኖባዲ» ግን አሉታውን በሆዱ ይዞ የሚዞር ቃል ነው፤ መጀመሪያው ላይ ያለውን «ኖ» ልብ በሉ። «ናቲንግ» እና «ኖ ዋን»ም የእሱ ወገኖች ናቸው። እነዚህ ከገቡ ግሡ ሌላ አሉታ አይፈልግም። መደበኛው እንግሊዝኛ ለአንድ ሐሳብ አንድ አሉታ ይበቃዋል፤ ሁለት ካደረጋችሁበት አንዱ ሌላውን ሊያፈርሰው ይችላል። ስለዚህ ማንም የለኝም ለማለት ሁለት ትክክለኛ መንገዶች አሉ። ወይ «አይ ሃቭ ኖባዲ» ትላላችሁ፣ ወይ «አይ ዱ ኖት ሃቭ ኤኒባዲ» ትላላችሁ። ስዋሂሊ የለመዳችሁ «ሃኩና ምቱ» የሚለውን አስታውሱ፤ አሉታው «ሃኩና» ላይ አንድ ጊዜ ተነግሮ አልቋል፣ «ምቱ» ያው ሰው ነው።

በማታው ክፍል የሚማሩ አንዲት እናት ይህን ሲሰሙ «ልጄ፣ የሌለኝን የለኝም ስል ደጋግሜ ካልተናገርኩ ማን ያምነኛል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አሉታን መደጋገም በብዙ ቋንቋዎች ማጠንከሪያ ነው፤ በድሮው እንግሊዝኛም የተለመደ ነበር። ዛሬም በዘፈንና በፊልም ትሰሙታላችሁ፤ የሚናገሩትም ሰዎች እርስ በርሳቸው ይግባባሉ። በፈተና ወረቀትና በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ግን አያዋጣም። ማጠንከር የፈለገ ሰው መጨረሻ ላይ «አት ኦል» ይጨምር፤ ይኸውም «ጭራሽ» እንደማለት ነው። እኚያ እናት አሁን «አይ ሃቭ ኖባዲ አት ኦል» ይላሉ፤ ሲሉትም ጠረጴዛውን መታ ያደርጋሉ።

ታዲያ የማንም ትክክለኛ አቻ ኤኒባዲ ከሆነ፣ ሁለተኛዋ ተማሪ ለምን ተሳሳተች? በቃሉ አልተሳሳተችም፤ የተሳሳተችው በቦታው ነው። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ማንም» ሁልጊዜ ከአሉታው ይቀድማል፤ ጆሯችንም ይህን ለምዷል። በእንግሊዝኛ ኤኒባዲ ከአሉታው በኋላ እንጂ በፊት አይቆምም። እንግዲህ «ማንም» የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲሆን፣ ማለትም ያልመጣው ወይም ያልረዳው እሱ ሲሆን፣ በኖባዲ ጀምሩና ግሡን አዎንታዊ አድርጉት፤ «ኖባዲ ኬም»፣ «ኖባዲ ሄልፕድ ሚ»። ተሳቢ ሲሆን ግን፣ ማንንም አላየሁም እንደሚለው፣ ሁለቱም በር ክፍት ነው፤ «አይ ሶው ኖባዲ» ወይም «አይ ዲድ ኖት ሲ ኤኒባዲ»። ለምንም ደግሞ ናቲንግንና ኤኒቲንግን በዚሁ ሕግ ተጠቀሙ።

አሁን ወደ «ሳምባዲ» እንለፍ። በአማርኛ «ሌሊት ሰው መጣ» ማለት ይበቃናል። ማን እንደሆነ አናውቅም፣ ወንድ ይሁን ሴት አልተናገርንም። ብዙ ልጆች ይህን «ኤ ማን ኬም» ብለው ይጽፉታል፤ እንግሊዝኛው ግን አንድ ወንድ መጣ ማለት ነው። ያላያችሁትን ሰው ወንድ አደረጋችሁት ማለት ነው። የእኛ «ሰው» እዚህ ላይ «ሳምባዲ» ወይም «ሳምዋን» ነው። ሌሎች ደግሞ «ኤኒባዲ ኬም» ይላሉ፤ ይህ ጭራሽ አይቆምም። ኤኒባዲ በአዎንታዊ ዓረፍተ ነገር ሲገባ «የፈለገ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን» የሚል ትርጉም ይይዛል፤ «ኤኒባዲ ካን ለርን» ማለት ማንም መማር ይችላል ነው። ስለ ሆነ፣ ስላለፈ ነገር ስትናገሩ አይሠራም።

ይህ በቃለ መጠይቅ ላይ በተለይ ያስቸግራል። ጥያቄው የሚመጣው በኤኒባዲ ነው፤ «ዲድ ኤኒባዲ ትረትን ዩ?»፣ ያስፈራራህ ሰው አለ? ይባላል። ተጠያቂው የጥያቄውን ቃል ተቀብሎ «የስ፣ ኤኒባዲ ትረተንድ ሚ» ይላል። አድማጩ «ማንም የፈለገ አስፈራራኝ» የሚል ትርጉም የለሽ ነገር ይደርሰዋል። የጥያቄው ኤኒባዲ መልሱ ላይ ሲደርስ ወይ ሳምባዲ ወይ ኖባዲ መሆን አለበት። ስሙን የምታውቁት ከሆነ ደግሞ ሳምባዲንም ተዉት፤ በስሙ ጥሩት። ኢውሱን ቃል ለማይታወቅ ሰው ነው።

በጥያቄ ውስጥ ሳምቲንግና ኤኒቲንግ የሚለዩበት አንድ ደስ የሚል ቦታም አለ። ጠያቂው መልሱን የማያውቅ ከሆነ በኤኒ ይጠይቃል። እሺ እንዲሉት የሚጠብቅና የሚጋብዝ ከሆነ በሳም ይጠይቃል፤ «ውድ ዩ ላይክ ሳምቲንግ ቱ ድሪንክ?» ይላል። በእኛ ቤት እንግዳ «ምንም አልፈልግም» ቢልም ቡናው ስለማይቀርለት፣ የእኛ ግብዣ ሁልጊዜ በሳምቲንግ የሚነገር ነው ብላችሁ ያዙት። በር ላይ ቆመን «ሰው አለ?» የምንለው ግን «ኢዝ ኤኒባዲ ሆም?» ነው። «ቤቶች!» የሚለውን አጠራራችንን የሚተረጉምልኝ እስካሁን አላገኘሁም።

«ኤቭሪዋን» እና «ኖ ዋን» ትልቅ ሥራ ሲሠሩ ማየት የሚፈልግ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1948 ፓሪስ ላይ ያጸደቀውን ሁሉን አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በእንግሊዝኛ ያንብብ። ኢትዮጵያ የድጋፍ ድምፅ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ነበረች። በርካታ አንቀጾቹ ከእነዚህ ሁለት ቃላት በአንዱ ይጀምራሉ። መብት ሲነገር ኤቭሪዋን፣ ክልከላ ሲነገር ኖ ዋን ነው። በሌላ አገር ጥገኝነት ስለ መጠየቅ የሚናገረው 14ኛው አንቀጽ በኤቭሪዋን ይጀምራል፤ ያለ አግባብ ስለ መያዝና ስለ መታሰር የሚናገረው 9ኛው በኖ ዋን ይጀምራል። ስለ ዜግነት የሚናገረው 15ኛው ሁለቱንም ይዟል፤ መጀመሪያ ኤቭሪዋን ብሎ ዜግነትን ይሰጣል፣ ቀጥሎ ኖ ዋን ብሎ እንዳይነጠቅ ይከለክላል። ከኖ ዋን በኋላ ያለው ግሥ አዎንታዊ መሆኑን አስተውሉ። እንደ ተማሪዬ «ኖት» ቢጨመርበት ኖሮ ክልከላው ተገልብጦ ሊነበብ በቻለ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚባለው ማን እንደሆነ ሲገልጽ «ኤኒ ፐርሰን» ይላል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አገሮች እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት ስምምነት ደግሞ «ኤቭሪ ፐርሰን» ይላል። ኬንያ ሁለቱንም ተቀብላለች። በአማርኛ ሁለቱም «ማንኛውም ሰው» ናቸው። ኤኒ «የትኛውም ይሁን» የሚል መልክ አለው፣ ኤቭሪ «አንድ በአንድ ሁሉም» የሚል፤ በእንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን የሚያደርሱት እዚያው ነው።

«ማንኛውም ሰው» በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ውስጥም ይመላለሳል። በሕይወት ስለ መኖር መብት በሚናገረው 15ኛው አንቀጽ ላይ እንግሊዝኛው «ኤቭሪ ፐርሰን» ይለዋል። ነጻነትን ስለ ማጣት በሚናገረው 17ኛው አንቀጽ ላይ አማርኛው ያንኑ «ማንኛውም ሰው» ይዞ ግሡን አሉታ ያደርገዋል፤ እንግሊዝኛው ግን «ኖ ዋን» ብሎ ጀምሮ ግሡን አዎንታ አድርጎታል። ተርጓሚዎቹ የገጠማቸው ሰሌዳው ላይ ሁለቱ ተማሪዎቼን የገጠማቸው ነገር ነው።

ኤቭሪባዲ፣ ኤቭሪዋን፣ ሳምባዲ፣ ኖባዲ ሁሉም ነጠላ ግሥ ይወስዳሉ። «ኤቭሪባዲ ኢዝ ሂር» ይባላል፤ ብዙ ሰው ቢሆንም «አር» አይገባም። ይህን ለማስታወስ ከአማርኛችን ርዳታ አለ። «ሁሉም ሰው ያውቃል» እንላለን እንጂ «ሁሉም ሰው ያውቃሉ» አንልም። ኤቭሪባዲን «ሁሉም» ብቻ ብላችሁ ከያዛችሁት ግሡ ይበዛባችኋል፤ «ሁሉም ሰው» ብላችሁ ያዙት። የስዋሂሊው «ኪላ ምቱ»ም ነጠላ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተውላጠ ስም ነው የሚያከራክረው። ኤቭሪባዲ ደብተሩን አመጣ ስንል የማን ደብተር እንበል? የ1948ቱ መግለጫ «ሂዝ»፣ የእሱ፣ ይላል። የእኛ ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛው 17ኛው አንቀጽ ላይ «ሂዝ ኦር ኸር»፣ የእሱ ወይም የእሷ፣ ይላል። ዛሬ በንግግርም በጽሑፍም የተለመደው «ዜር»፣ የእነሱ፣ የሚለው ነው፤ «ኤቭሪባዲ ብሮት ዜር ቡክ» ማለት ነው። የቆዩ መጻሕፍት ይህን እንደ ስሕተት ቆጥረውት ብታገኙ አትደንግጡ።

ለአንድ ሰው «ዘይ»፣ እነሱ፣ መባሉ ግን ቃለ መጠይቅ ላይ ሰውን ያሳስታል። «ሳምባዲ በር አንኳኳ» ትላላችሁ። ጠያቂው ቀጥሎ «ዲድ ዘይ ሴይ ኤኒቲንግ?» ይላል። የሚጠይቀው ስለዚያው ስለ አንዱ ሰው ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት ስላላወቀ ብቻ ዘይ አለ። ብዙዎቻችን ግን «ብዙ ሰዎች ነበሩ ወይ?» ያለን መስሎን ታሪኩን ወደ ብዙ እንወስደዋለን። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያ አንድ፣ በኋላ ብዙ ተባለ ተብሎ ንግግራችን ይጣረሳል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። «አባቴ መጡ» ስንል አባታችን አንድ ናቸው፤ ግሡ ግን የብዙ ነው። እኛ በብዙ ቁጥር አክብሮትን እንናገራለን፣ እነሱ አለማወቅን ይናገሩበታል። ግራ ከገባችሁ «ዋን ፐርሰን» ብላችሁ አንድ መሆኑን ግለጹ።

«ሁሉም አልመጡም» የሚለው አማርኛ ራሱ ሁለት ትርጉም አለው። አንድም ሰው አልመጣም ሊሆን ይችላል፤ የመጡም ያልመጡም አሉ ሊሆን ይችላል። በንግግር ድምፃችን ይለየዋል። ወደ እንግሊዝኛ ከመመለሳችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ወስኑ። ለመጀመሪያው «ኖባዲ ኬም»፣ ለሁለተኛው «ኖት ኤቭሪባዲ ኬም» በሉ።

በቤተሰብ ምዝገባ ላይ የምትመጣ አንዲት ትንሽ ቃል ደግሞ አለች፤ «ኤልስ» ትባላለች፣ «ሌላ» ማለት ናት። የእኛ «ሌላ» ከፊት ይመጣል፤ ሌላ ሰው እንላለን። ኤልስ ግን ከኋላ ትከተላለች፤ «ሳምባዲ ኤልስ» እንጂ «አዘር ሳምባዲ» አይባልም። የቤተሰቡን ስም ከዘረዘራችሁ በኋላ «ኤኒዋን ኤልስ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እስካሁን ካልጠቀሳችሁት ሌላ አብሯችሁ የሚኖር ሰው አለ ወይ? ማለት ነው። ሰው ግን ደክሞት፣ ጥያቄው ያለቀ መስሎት፣ «ኖ» ብሎ ይነሣል። የእኅት ልጅ ወይም ያሳደግነው ልጅ ሳይመዘገብ የሚቀረው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ኤልስን ስትሰሙ ቤታችሁን በልባችሁ አንድ ጊዜ ዙሩት። ወላጆች፣ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ እንግሊዝኛ የምትችሉም ብትሆኑ ጠይቁ። የተጻፈውንም ከመፈረማችሁ በፊት እንዲነበብላችሁ አድርጉ። እኔ ያኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ያ ዘመድ ባልተወለደልኝ ነበር።

ቅጽልም እንደ ኤልስ ከኋላ ይመጣል፤ አዲስ ነገር ለማለት «ሳምቲንግ ኒው» ነው። «ሊትል» እና «ኧ ሊትል»ም አንድ አይደሉም። እንግሊዝኛ ትችያለሽ ተብላ «ሊትል» ያለች ልጅ እምብዛም አልችልም አለች፤ «ኧ ሊትል» ያለች ግን ትንሽ ትንሽ እችላለሁ አለች። «ፊው» እና «ኧ ፊው»ም በሚቆጠር ነገር ላይ እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠውን የኬንያ የአንደኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና የድሮ ወረቀቶች ለልምምድ የምትጠቀሙ፣ የጭራ ጥያቄዎችን አትለፏቸው። ኖባዲ አሉታ ስለሆነ ጭራው አዎንታ ይሆናል፤ «ኖባዲ ኬም፣ ዲድ ዘይ?» ይባላል። ኤቭሪባዲ ከሆነ «ዲድንት ዘይ?»፣ ናቲንግ ከሆነ ደግሞ በዘይ ፈንታ «ኢት» ይገባል።

ለሚቀጥለው ሳምንት እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፦ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ምንም አልነገሩኝም። ሌላ ሰው አብሮኝ ይኖራል። ሁሉም ሰው ስሙን ጻፈ። ሁሉም አልተመዘገቡም። የመጨረሻውን በሁለት መልክ ጻፉት። መልሱን በብጣሽ ወረቀት ላይ ስማችሁን ጽፋችሁ ለክፍል አለቃችሁ ስጡ፤ ካኩማ ያላችሁ ቡለቲኑን ለሚያመጣላችሁ መምህር ስጡልኝ። የማታ ክፍል ወላጆች በቃል ብትመልሱም እቀበላለሁ።